ባለ ሶኬቱ ጎረቤቴ

የአገሬን ስም አትጠይቁኝ። እኛ ዘንድ የአገሩን ስም የጠራ ሰው መጀመሪያ «ጊታርህን አሳይ» ይባላል፤ እኔ ደግሞ ጊታሬን ለማንም ማሳየት አልፈልግም። ለምን እንደማልፈልግ ትሰማላችሁ፣ አትቸኩሉ። ለጊዜው ይህን ያህል ይብቃችሁ፦ አገሬ በሁለት ወንዝ መሀል ናት፤ አደባባይ አላት፤ አደባባዩ ላይ የድንጋይ ሰገነት አለ፤ ሰገነቱ ላይ አንድ ሶኬትና አንድ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አለ። በአገሩ ሁሉ ያለው ሶኬት እሱ ብቻ ነው።

ጊታር ግን የሌለው ሰው የለም። ያውም የኤሌክትሪክ ጊታር! አያቶቻችን ጊታሩን ሲያስመጡ «ሶኬቱ ከኋላ ይመጣል» ተብለው ነበር አሉ። አንዱ መጣ፣ ሌላው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ አገሬው ያልተሰካ ጊታር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ያረጃል። ያልተሰካ የኤሌክትሪክ ጊታር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያንሾካሹካል እንጂ አይጮህም። አጠገባችሁ ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ከተቀመጠ ሰው በስተቀር ማንም አይሰማችሁም።

ሶኬቱ ለአንድ ሰው ለሰባት ዓመት ይሰጣል፤ የሚሰጠውም ጊታሩ ከሁሉ ይልቅ ለተላጠ ሰው ነው። ሕጉን የጻፉት ሊቃውንት «ብዙ የተጫወተ ሰው ጊታሩ ይላጣል፤ እንግዲያው ጊታሩ የተላጠ ሰው ብዙ ተጫውቷል» ብለው ነው የደነገጉት። ይህችን እኛ ፊደል ሳንለይ ነው የምንሸመድዳት። እኔም ሸምድጄ ሃምሳ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አንድም ቀን እንከን አላገኘሁባትም።

በልጠት የማይለካ ነገር አልነበረንም። ለቅሶ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ጊታሩ የተላጠ ነው፤ ቀለሙ የሚያብለጨልጭበት ሰው ደጅ ቆሞ ያለቅሳል። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ አባትዬው አስቀድሞ የሚያየው የጎረምሳውን ጊታር ጀርባ ነው፤ የቀበቶ ዘለበት የጫረው ጭረት ካላየ «ልጄ ገና ናት» ብሎ ይሸኛል። መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሲገናኝ ቀድሞ ጎንበስ የሚለው ቀለሙ ያልተነካው ነው። ይሄ ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ሰው ሁሉ ለእኔ ጎንበስ ይል ነበራ!

አጥናፉ እባላለሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ተጫውቻለሁ። ክንዴ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የጊታሬ ቀይ ቀለም አልቆ፣ ከሥሩ ያለው ቢጫ አልቆ፣ እንጨቱ ራሱ ወጥቶ በላቤ ጠቁሯል። በብረት የነካው የለም፤ እጅጌዬና ላቤ ናቸው የፋቁት። ታዲያ ግራኝ ነኝ፤ ልጠቴም ከሌላው ሰው በተቃራኒው በኩል ነው። ይህን ያዙልኝ።

ሚስቴ ስንዱ ትባላለች። ሃያ ዓመት የውሃ ወፍጮ ቤት ስትሠራ ጆሮዋን ወፍጮው ወሰደባት፤ በአንድ ጊዜ አይደለም፣ ቀስ በቀስ። መጀመሪያ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ስጫወት ትሰማኝ ነበር። ከዚያ ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ማስደገፍ ጀመረች። አንድ ቀን ቀና አለችና «አጥናፉ፣ ጣትህ ሲሮጥ አያለሁ እንጂ ምንም አልሰማም» አለችኝ።

ጊታሬን ከጉልበቴ አወረድኳት።

«ሶኬቱን ውሰድልኝ» አለች። «ድምፅ ማጉያው አጠገብ ልቀመጥና ጆሮዬ ጨርሶ ሳይደፈን አንድ ጊዜ በደንብ ልስማህ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«እወስዳለሁ» አልኳት፤ ማልኩላት። የዚያን ጊዜው ባለ ሶኬት ዘመን ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር፤ ከእኔ የበለጠ የተላጠ ጊታርም በአገሩ አልነበረም። ጎረቤቴ ጥላዬ ባይኖር ኖሮ ነገሩ ያለቀ ነበር።

ከጥላዬ ጋር አጥር እንጋራለን። በዕድሜ ያንሰኛል፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ጋሼ» ይለኛል፤ ሲያናድድ! ጨው ነጋዴ ነው። ጊታሩን በዚያው ሰሞን ከነመጠቅለያዋ ሲያመጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፊቴን አይቼባታለሁ፣ መስታወት በሏት። ከዚያ አንድ ማለዳ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ አያልነህ መላጫ ቤት ይዟት ሄደ።

መላጫ ቤት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። በር ላይ «የዕቃ ዕድሳት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ እዚያ ቤት ግን የታደሰ ዕቃ ወጥቶ አያውቅም። እኔ በሳንቃው ቀዳዳ በየቀኑ እየሄድኩ አየሁ። አዎ፣ አሾለቅሁ፤ ቅናት ሰውን የማያደርገው ነገር የለም። አያልነህ ጊታሪቱን በረዶ ውስጥ ቀብሮ ፀሐይ ላይ ያወጣታል፤ ቀለሟ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋታል። የቁልፍ እስር ከላይ ይለቅባታል። ብረታ ብረቷን ሎሚ አጠጥቶ ያዝጋል፤ ነጩን የፕላስቲክ ሽፋኗን በሻይ ያቀልማል። ሲጋራ ለኩሶ አናቷ ላይ ያጠፋባታል፤ ጥላዬ በሕይወቱ አጭሶ የማያውቅ ሰው ነው፣ ከጢሱ የተነሳ እዚያው ቆሞ ሲያስል ነበር። ላብ ላብ እንድትል ደግሞ የወዛደሮችን ሸሚዝ ለምኖ አምጥቶ ሁለት ቀን ጠቀለላት። ወዛደሮቹ ራቁታቸውን ጭነት ሲያወርዱ ዋሉ።

በአራተኛው ቀን ጨርቁ ተገለጠ። ወይ ጉድ! እንዴት እንደምታምር! ለመሳደብ አፌን ከፍቼ ነበር፣ ክፍት እንዳለ ቀረ። ልጠቷ ሰው የሳለው ይመስላል፤ እዚህ ቀጠን፣ እዚያ ሰፋ፣ ጫፉ ላይ እየደበዘዘ። የእኔን ቤት ገብቼ አየኋት፤ የተጣለ ድስት መሰለችኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የደከምኩባትን እሱ በአራት ቀን፣ ያውም አሳምሮ! እህል አልበላሁም ያን ቀን።

የመለኪያው ቀን ሊቀ ልጠት ዘውዴ የሚባል ሹም ከጸሐፊው ጋር መጣ። በእጁ በጊታር ቅርጽ የተቆረጠ ቆርቆሮ ይዟል፤ ቆርቆሮው ላይ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ተበስቷል። ቆርቆሮውን ጊታር ላይ ይደፋዋል፤ በቀዳዳው የታየው ልጠት ይቆጠራል። ታዲያ በአገሩ ደህና የቆርቆሮ መቀስ ያለው አያልነህ ብቻ ስለሆነ የዚያን ዓመት መለኪያ የቆረጠው እሱ ነው፤ ሲቆርጥም ያሰመረው ጠረጴዛው ላይ ባገኛት ጊታር ዙሪያ ነው። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው የማን እንደሆነች መናገር አለብኝ?

የጥላዬ ጊታር ቀዳዳውን ጢም አድርጋ ሞላችው። ሊቀ ልጠቱ «እሰይ» አለ። የእኔ ተራ ደረሰና ቆርቆሮውን ደፋው። በቀዳዳው የታየው ቀይ ቀለም ብቻ ሆነ።

«አቶ አጥናፉ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ፣ በወዲያኛው በኩል ያለውን ልጠቴን እያየ።

«ልጠት ነዋ!»

«ልጠት በቀዳዳው ውስጥ ያለ ነው። ከቀዳዳው ውጭ ያለ ጉዳት ይባላል።»

«ጌታዬ፣ እኔ ግራኝ ነኝ። ክንዴ የሚያርፈው በዚህ በኩል ነው።»

ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ግራኝ የሚል ቅጽ አለን?»

«የለንም» አለ ጸሐፊው።

«የለንም» አለኝ እሱም፣ በትሕትና። ከዚያ የተላጠውን እንጨት አየት አድርጎ «ለወደፊቱ ዕቃ አያያዝ ቢለምዱ ጥሩ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ሶኬቱ ለጥላዬ ተሰጠ። በመጀመሪያው እሑድ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ሰካና የሚያውቃቸውን ሦስት ድምፆች ደጋገመ። ሕጉ «ልጠት ላለው ይጨበጨባል» ስለሚል ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ከኋላ ቆሜ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ እንደዚያ ያለ ክፉ ጨዋታ ሰምቼ አላውቅም። በደስታ ስንዱን ልፈልጋት ወደ ፊት ሄድኩ። ድምፅ ማጉያው ሥር ተቀምጣ እንባዋ ይፈሳል።

«ሰማሁ!» ብላ ጮኸችብኝ። እንደ እሷ ጆሮው የደከመ ሰው ድምፁን አይመጥንም። «አጥናፉ፣ ሰማሁ እኮ!»

እነዚያን ሦስት ድምፆች! የእኔን ሠላሳ ሁለት ዓመት መስማት ያቆመ ጆሮ እነሱን ሰማ።

ከዚያ በኋላ ጊታሬን ግድግዳ ላይ ሰቀልኳት። ለማን ልጫወት? ጥላዬ ግን ሶኬት አለውና በየቀኑ ይወጣል። ሕጉ ባለ ሶኬት ሥራ እንዳይሠራ ስለሚከለክል ጨው ንግዱን ትቶ ከጠዋት እስከ ማታ መጫወት ነው። ሦስቱ ድምፅ አምስት ሆነ፤ አምስቱ ዜማ ሆነ። እኔ አጥሩ ሥር ተቀምጬ ስሕተቱን እቆጥር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት መቁጠሩ ያደክመኝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግማሽ ቀን ቆጥሬ አንድ አገኘሁ፤ እሷንም ዶሮ ደንግጣ ስትጮህ ነው የሳተው።

ስንዱ እሑድ እሑድ ከሁሉ ቀድማ ትሄዳለች። ስትመለስ ወጥ እያማሰለች ታንጎራጉራለች፤ ድምፅዋን ስለማትመጥን ጎረቤት ሁሉ ይሰማታል። የጥላዬን ዜማ! በእኔ ምድጃ፣ በእኔ ድስት ላይ! «አንቺ ሴትዮ፣ ወጡ አረረ» ብዬ እጮሃለሁ። አላረረም።

በአራተኛው ዓመት ጥላዬ ራሱ ደጄ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሕጉ ባለ ሶኬቱ በዓመት አንድ ቀን ለወደደው ያውስ ይላል። ዘንድሮ እርስዎ ቢሰኩ ደስ ይለኛል። እትዬ ስንዱም ትስማዎት፤ ሁልጊዜ ስለ እርስዎ ነው የምታወራኝ።»

ስለ እኔ የምታወራው ለእሱ!

«ሰማህ ጥላዬ» አልኩት፤ «የራሴን ንብረት በውሰት አልቀበልም። መንገድህን ቀጥል።»

«ጋሼ፣ ጆሮዋ እኮ…»

«ስለ ሚስቴ ጆሮ አንተ ነህ የምትነግረኝ? ውጣልኝ ከደጄ!»

ወጣ። ስንዱ ከጓዳ ብቅ ብላ «ማን ነበር?» አለችኝ። «ጥላዬ ነው፣ ወንፊት ሊዋስ» አልኳት። እንዲህ ነው ያደረግሁት። በየዓመቱ ትዝ ይለኝ ነበር፤ በየዓመቱም ሄጄ እሺ ማለት እችል ነበር። አልሄድኩም። የስንዱ ጆሮ በዚህ ሁሉ መሀል እየደከመ መሄዱን አያለሁ፤ ድሮ ድምፅ ማጉያው ሥር ትቀመጥ የነበረችው አሁን ትከሻዋን ማጉያው ላይ ነው የምታስደግፈው።

ሰባተኛው ዓመት ደረሰ። አሁን ካልወሰድኩ መቼም አልወስድም፤ ቢሰጠኝም የሚሰማኝ ጆሮ አይኖርም። ጊታሬን ከግድግዳ አወረድኳት፣ አቧራዋን ጠረግሁ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ቀጥ ብዬ ወደ አያልነህ ሄድኩ።

አያልነህ ጨርቁን ገለጠና ልጠቴ ላይ አውራ ጣቱን አሳለፈ። ደጋግሞ አሳለፈ።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«ማንም አልሠራውም። ክንዴ ነው።»

«እንዲህ አድርጌ ልሠራ ስሞክር ስንት ዓመቴ መሰለህ» አለ፤ አጠገቡ ያለውን የብርጭቆ ወረቀት እንደማፈር ብሎ ገፋ አደረገው። «ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

«ይሄን በቀለም ድፈነው። በቀዳዳው በኩል እንደ ጥላዬ አድርገህ ላጥልኝ።»

«አጥናፉ፣ ይቆጭሃል።»

«አንተ ላጭ ነህ ወይስ የንስሐ አባት? ድፈነው አልኩህ!»

ደፈነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ላይ ቀይ ቀለም ሲያፈስ ቆሜ አየሁ። ከዚያ በወዲያኛው በኩል በረዶው፣ ሎሚው፣ ቁልፉ፣ ሲጋራው። ሲያልቅ ከጥላዬም በላይ አማረች። ደስ አለኝ! ውሸት ምን ያደርጋል፣ ወደ ቤት ስመለስ በጥላዬ ደጅ ዞሬ ነው የሄድኩት፣ ይየኝ ብዬ። ስንዱንም «እሑድ እኔ ነኝ» አልኳት፤ ሦስቴ አስደገመችኝና ስትሰማ አዲስ ነጠላዋን ከሣጥን አወጣች።

በአገራችን አዋጅ የሚነበበው በሚሠራበት ቀን ጠዋት ነው፤ ቀደም ብሎ ቢነገር ሰው ይዘጋጃል ተብሎ። በመለኪያው እሑድ ጠዋት ነጋሪት ተጎሰመና አዋጅ ነጋሪው አነበበ፦ መላጫ ቤቶች በዝተዋልና ከዛሬ ጀምሮ ሐሰተኛ ልጠት አይቆጠርም፤ ቆርቆሮው ተሽሯል፤ ሊቀ ልጠት ዘውዴም በዚያው ተሽሯል፤ ልጠት የሚለካው በወይዘሮ ትርንጎ አውራ ጣት ነው።

አዲሱን ልጠቴን በመዳፌ ሸፈንኩት። ወይዘሮ ትርንጎ ዕድሜዋን ሙሉ ሸክላ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ ጣቷ ከዓይን ይበልጣል። ግን ወዲያው ደግሞ ልቤ በደስታ ዘለለ። ጥላዬም አለቀለት! እኔ ባላገኝ እሱም ያጣል። ይህን ሳስብ ስለ ስንዱ አንድም ነገር አላሰብኩም፤ ኋላ ነው ያስተዋልኩት።

ወይዘሮ ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና የጥላዬ ጊታር ላይ ጣቷን አሳለፈች። ጫፍ ጫፉን ዳሰሰች፣ መሀሉን ዳሰሰች።

«ከሥር የላጭ እጅ አለበት» አለች። እሰይ አልኩ በሆዴ። «ከላዩ ግን የሰባት ዓመት ክንድ አለ። ጠርዙ ሁሉ ሟሙቷል። ላቡም የራሱ ነው። ይሄ ሰው ተጫውቷል።»

ከዚያ የእኔን ያዘች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ጣቷን ያሳለፈችው፤ እንደ ተወጋ ሰው መልሳ ሰበሰበችው።

«ይሄ የሰሞኑ ሥራ ነው። ጠርዙ ይቆርጣል።»

«እመቤቴ!» ብዬ ጮህኩ። «እውነተኛው በወዲያ በኩል ነው፣ ከቀለሙ ሥር! ሠላሳ ሁለት ዓመት አለበት! ፍቄ ላሳይሽ፣ አሁን ፍቄ ላሳይሽ!»

ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። የምታሾፍ አይደለችም፤ ያሳዘንኳት ትመስላለች።

«ብትፍቀው እሱም የዛሬ ልጠት ነው የሚሆነው፣ ወንድሜ» አለች። «ከቀለሙ ጋር እንጨቱም ይነሳል። ለመሆኑ ማን ደፈነው?»

ጊታሬን አቀፍኩና ወረድኩ።

ሶኬቱ በድጋሚ ለሰባት ዓመት ለጥላዬ ጸደቀ፤ በዚህኛው ጊዜ ሕዝቡ ያጨበጨበው ሕጉን አስታውሶ አይደለም። ወደ ቤት ሹልክ ልል ስል ስንዱ በአዲሱ ነጠላዋ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ወይዘሮ ትርንጎ ያለችውን አልሰማችም፤ ከፊቴ ግን ሁሉን አንብባዋለች። እየጎተተች ወስዳ ድምፅ ማጉያው አጠገብ አስቀመጠችኝ፤ እሷም ትከሻዋን ማጉያው ላይ አስደገፈች።

ጥላዬ ሰክቶ ጀመረ። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አጥር ሳይጋርደኝ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስሕተት ልቆጥር ጣቴን አዘጋጀሁ። አልቆጠርኩም። ጥሩ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ጥሩ ነበር። ጠላሁት፤ እየጠላሁትም ሰማሁት።

ዜማው ሊያልቅ ሲል ስንዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። የምታንሾካሹክ መስሏታል፤ አደባባዩ ሁሉ ግን ሰማት።

«አጥናፉ፣ አንተም ድሮ እንዲህ ነበር የምትጫወተው፣ አይደል?»

ጥላዬ እጁን ከክሩ ላይ አነሳ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ተሰክቼ አላውቅም፤ እንዴት እንደምጫወት እኔም ራሴን ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን ሊያሰማኝ ደጄ ድረስ የመጣውን ሰው «ወንፊት ሊዋስ ነው» ብያለሁ።

«አዎ» አልኳት።

«ምን?» አለች፣ ጆሮዋን ወደ አፌ አስጠግታ።

«አዎ!» ብዬ ጮህኩ።

እጇን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«አልሰማሁህም» አለች። «ተወው በቃ።» ዞራም ትከሻዋን ማጉያው ላይ መልሳ አስደገፈች፤ ጥላዬም ሌላ ዜማ ጀመረላት።